ከወንዝ ዳር እስከ ቤተ ሙከራ፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ስለ ምርምር ምን ያስተምረናል?

(ይህ ጽሑፍ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚያስተምሩ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)



ከመካከላችሁ በዕድሜ ጠና ያላችሁት እንዶድን አላስተዋውቃችሁም። በሰበታ ወንዝ ዳር፣ በቡራዩ ጓሮዎች፣ በሱሉልታ የግጦሽ መስክ ዙሪያ ባሉ አጥሮች ላይ ተጠምጥሞ የሚያድግ ሐረግ ነው። በአፋን ኦሮሞ ሃንዶዴ፣ በትግርኛ ሸብቲ ይባላል። እናቶቻችን ፍሬውን ለቅመው፣ አድርቀው፣ በሙቀጫ ወቅጠው በውኃ ሲያሹት ነጭ አረፋ ይወጣዋል። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ጋቢውና ነጠላው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በእንዶድ ታጥቦ በሣሩ ላይ ይሰጣል። እኔም ያደግሁት በዚያ ሣር ላይ እየተንከባለልሁ ነው። የእንዶድ ውኃ ዓይን ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያቃጥል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ ዛሬው ርእሴ የማልፈው በአንድ ጥያቄ ነው። ይህን አረፋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ለትውልዶች አይተውታል፤ ልብሳቸውንም አጥበውበታል። ሆኖም ከዚህ አረፋ ውስጥ የሳይንስ ግኝት የወጣው በ1964 ነበር። ያን ዕለት ከወትሮው የተለየ ነገር ምን ነበር? አረፋው ያው አረፋ፣ ወንዙም ያው ወንዝ ነው። አዲስ የነበረው ጥያቄው ብቻ ነው።

ሰውየውና ዘመኑ

ዶክተር አክሊሉ ለማ በጅጅጋ የተወለዱ፣ በአሜሪካ ከተማሩ በኋላ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያገኙ ኢትዮጵያዊ የጥገኛ ተውሳኮች ተመራማሪ ነበሩ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የመሠረቱት እርሳቸው ናቸው። በኋላም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት፣ ከዚያም በፍሎረንስ በዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለዋል። ያረፉት በ1997 ነው።

በ1964 ገና ወጣት ሳሉ ወደ አድዋ የሄዱት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነበር። የዚህን በሽታ አካሄድ በአጭሩ ማስታወስ ይኖርብናል፤ ያለ እርሱ ቀጣዩ ነገር ግልጽ አይሆንም። በአንጀት ቢልሃርዝያ የተያዘ ሰው በዓይነ ምድሩ የተውሳኩን እንቁላል ያወጣል። እንቁላሉ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈልና በወንዙ ውስጥ ወደሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገባል። በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ በሺዎች ይባዛል፤ ከዚያ ወደ ውኃው ይወጣና በሚዋኝ፣ በሚሻገር ወይም ልብስ በሚያጥብ ሰው ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ የተውሳኩ መንገድ ሁለት ድልድዮች አሉት፤ አንዱ ሰው፣ ሌላው ቀንድ አውጣ። የቀንድ አውጣው ድልድይ ከተሰበረ ተውሳኩ መሻገሪያ ያጣል።

ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣዎቹን እየሰበሰቡ ሳለ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይታያሉ፤ ከሥፍራው በላይ ግን እንዲህ አይደለም። አንዲትን አጣቢ ከአረፋው ጥቂት እንዲሰጧቸው ጠየቁ፤ ሕያው ቀንድ አውጣዎች በነበሩበት ዕቃ ውስጥም ተጨመረ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ምልከታ፣ ጥያቄ፣ ፈተና

መምህራን ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስንነግር ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን፤ «አየና አገኘ» እንላለን። እኔ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ለያይቶ ማሳየት ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው እርምጃ ማነጻጸር ነው። የሞተ ቀንድ አውጣ በማንኛውም ወንዝ ይገኛል። ዶክተር አክሊሉ ያስተዋሉት ግን ከማጠቢያው በላይና ከማጠቢያው በታች ያለውን ልዩነት ነው። ወንዙ ራሱ ሙከራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው ማለት ይቻላል፤ የላይኛው ውኃ መወዳደሪያ፣ የታችኛው ተፈታኝ ሆነ። ሁለተኛው እርምጃ ምክንያቱን ነጥሎ መፈተን ነው። ከማጠቢያው በታች ያለው ውኃ እድፍም፣ ጭቃም፣ ሌላም ነገር ይዞ ይወርዳል። አረፋውን ለብቻው ወስዶ መሞከር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሦስተኛው እርምጃ መጠንን መለካት ነው። ወደ ቤተ ሙከራ ሲመለሱ የደረቀው የእንዶድ ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ተረጋገጠ። የወንዝ ጭቃም ሆነ የፀሐይ ብርሃን ኃይሉን እንደማያዳክመው ታየ። ጉድለቱም አብሮ ታየ፤ እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጠቀም ያስፈልጋል። ውጤቱ በመጀመሪያ የታተመው በ1965፣ በአገራችን የሕክምና መጽሔት ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢያችን ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «እኛም በእንዶድ ስናጥብ ኖረናል፤ ስለምን እኛ አላየነውም?» መልሱ አንድም መልክዐ ምድር ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። እንዶድ ይህን ደጋ ይወዳል። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ግን በቀንድ አውጣው ውስጥ ለማደግ ሞቅ ያለ ውኃ ይሻል፤ ስለዚህ በደጋችን በሽታው ሥር አይሰድም። አድዋ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ተክሉ፣ ቀንድ አውጣውና በሽታው በአንድ ወንዝ ላይ ተገናኙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀንድ አውጣ ፍለጋ የመጣ ሰው በቦታው ተገኘ። ዕድል ይሉታል፤ ዕድል ግን የሚጠቅመው ምን እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በሙቀጫ ውስጥ ያለው ባዮኬሚስትሪ

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንግባ። የእንዶድ ኃይል ያለው ሳፖኒን በሚባሉ ውሁዶች ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከዋነኞቹ አንዱን ለይተው ሲያወጡ ለዶክተር አክሊሉ መታሰቢያ «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። የሳፖኒን ሞለኪውል አንድ ወገኑ ስብን፣ ሌላው ወገኑ ውኃን ይወዳል። ውኃን የሚወደው ወገን ከስኳር የተሠራ ነው። በዚህ ጠባዩ እድፍን ከልብስ ያላቅቃል፤ በዚሁ ጠባዩ ደግሞ ከስብ የተሠራውን የሕዋስ ሽፋን ይበሳል። ልብስ የሚያነጻውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው አንድ ዓይነት ጠባይ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ስኳር በሁለት ቦታ የተንጠለጠለበት ነው፤ በዚህ መልኩ ሳለ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም የአንዱን ቦታ ስኳር ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ሞለኪውሉ ገዳይ ይሆናል። ይህን በ1980ዎቹ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች አስረድተዋል። ፍሬው በውኃ ፈንታ በሜታኖል ከተጨመቀ ኢንዛይሙ ሥራውን አይሠራም፤ የሚገኘውም ጭማቂ ቀንድ አውጣን አይጎዳም።

ይህን የምነግራችሁ ከመጻሕፍት ብቻ አንብቤ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ፣ እንደ ማንኛውም የዕፅዋት ኬሚስትሪ ጀማሪ፣ እንዶድን በሜታኖል ጨምቄ በጥንቃቄ አደረቅሁት፤ መዘንሁት፤ በቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከርሁት። አንድም አልሞተም። ሙከራውን ሦስት ጊዜ ደገምሁ። ቀንድ አውጣዎቼ እየተሳቡ ከመስታወቱ ወጥተው ጠረጴዛው ላይ አገኘኋቸው። በበዓል ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኋት። «እንዶድ እኮ ውኃ ሳይጠጣ አይሠራም፤ ወቅጠሽ በውኃ አሽተሽ ቆየት ታደርጊዋለሽ እንጂ» አለችኝ፤ ለእኅቶቼ ያስተማረችውን ቃል በቃል እየደገመች። ሥነ ጽሑፉን አስቀድሜ ባነብ ኖሮ ወራት ባልባከኑ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር አልረሳሁም። የእናቶች አሠራር ከኬሚስትሪው በፊት የነበረ «ልማድ» ብቻ አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ የኬሚስትሪው አንድ እርምጃ ነው። አሠራሩን ትቶ ተክሉን ብቻ የወሰደ ተመራማሪ ግማሹን እውቀት ወንዝ ዳር ጥሎት ይሄዳል።

ከብርጭቆ ወደ ከተማ

በብርጭቆ ውስጥ የሠራ ነገር በወንዝ ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ ጅረቶች ላይ እንዶድን እየተጠቀሙ የአምስት ዓመት ጥናት አካሄዱ። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ገደማ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። የቢልሃርዝያ ትል በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ጅረቱ ዛሬ ቢጸዳም ትናንት የተያዘው ጎልማሳ ነገም በሽተኛ ተብሎ ይቆጠራል። ሕፃናቱ ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩት ጅረቱ በእንዶድ ከታከመ በኋላ ነው። በሽታው መተላለፉን ማቆሙን ወይም መቀጠሉን የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው። ትክክለኛውን ጥያቄ ማንን መጠየቅ እንዳለብን ማወቅ የምርምር ግማሹ ነው።

የታመነና ያልታመነ ማስረጃ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አይልም። በ1970 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የዶክተር አክሊሉን የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤት አትሞ ነበር። ሆኖም እንዶድ በሥራ ላይ እንዲውል ዓለም አቀፍ ድጋፍ ለማግኘት ረጅም ዘመን ጠበቀ። የተነሣው ጥያቄ የመርዛማነት ጥናቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ቤተ ሙከራ አልተከናወነም የሚል ነበር። ያ ጥናት በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተጠናቆ ሲቀርብ ከመጀመሪያው ምልከታ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ እዚሁ ሰበታ ባለው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ነገር እንደ ቀላል አያዩትም። ሰው የሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ማንኛውም ነገር መፈተን አለበት። የዶክተር አክሊሉ ቅሬታ ግን ሌላ ነበር። ደንቡን ለማሟላት የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራና ገንዘብ ያለው በበለጸጉት አገሮች ነው። በአፍሪካ የተሠራ ምርምር ከይዘቱ በፊት በተሠራበት ቦታ ይጠረጠራል። ስለዚህም የአፍሪካ ሳይንስ አንዱ መሠረታዊ ችግር በሌሎች ዘንድ ያለው ጥርጣሬ መሆኑን አስገንዝበዋል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉም መልእክታቸው ይኸው ነበር። ዶክተር ለገሰ ከተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ፍሬው የበዛና ኃይሉ የበረታውን፣ «ዓይነት 44» የተባለውን መርጠው ያለሙ ሰው ናቸው።

ታሪኩ ሌላም ምዕራፍ አለው። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ባሉ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ከፍተኛ ኪሳራ አስከተለ። በ1990 በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ይህን እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ፤ ዶክተር አክሊሉም ከተመራማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰጠው ፓተንት ግን ባለቤትነቱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለትውልዶች እንዶድን ሲወቅጡ የኖሩት እናቶች በዚያ ሰነድ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ በ2006 ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምንና የማኅበረሰብ እውቀትን መብት የሚደነግገው እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ነው። አዋጁን በክፍል ውስጥ ብታስነብቡት ተማሪዎች የሳይንስንና የመብትን ግንኙነት ይረዱበታል።

የእንዶድ ነገር የድል ታሪክ ብቻ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ዓለም ቢልሃርዝያን የሚዋጋው በዋናነት በሽተኛውን በማከም ነው። ይሁን እንጂ የታከመ ልጅ ወደዚያው ጅረት ሲገባ መልሶ ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ቀንድ አውጣን በኬሚካል ስለ መቆጣጠር የመስክ መመሪያ ማውጣቱ የቀንድ አውጣው ድልድይ እንዳልተረሳ ያሳያል።

ይህ ለእኛ ምን ይመለከተናል?

ቢልሃርዝያ የደጋችን በሽታ ካልሆነ ስለ እንዶድ በእነዚህ ሦስት ከተሞች መናገር ለምን አስፈለገ? ወተታቸው አዲስ አበባን የሚያጠጣው የሱሉልታ ከብት አርቢዎች መልሱን ያውቁታል። የጉበት ትል በጎችንና ላሞችን ያከሳል፤ ያንንም ትል የሚያስተላልፈው በረግረግ ሣር ላይ የሚኖር ሌላ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድ ይህን የቀንድ አውጣ ዘርም እንደሚገድል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ከቤተ ሙከራ ወደ ሱሉልታ መስክ የሚወስደው መንገድ ግን ገና ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ስንት መጠን? በየትኛው ወቅት? ዓሣውንና የከብቱን መጠጥ ሳይጎዳ እንዴት? እነዚህ የእኛ ጥያቄዎች ናቸው። ከስታንፎርድ ወይም ከቶሌዶ መጥቶ የሚጠይቅልን ሰው መጠበቅ የለብንም።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ተማሪዎቻችሁን ወደ ሠፈራቸው ላኩ፤ ሦስት ነገር ይዘው ይመለሱ። አንደኛ፣ በአጥሩ ላይ እንዶድ የቀረበት ቤት ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። እንዶድ ወንዴና ሴቴ ተክል አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ስለሆነች ለይተው ይመዝግቡ። ሁለተኛ፣ አንዲትን አረጋዊት እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠይቀው፣ ስማቸውንና ፈቃዳቸውን ጨምረው፣ ንግግራቸውን ሳያሳጥሩ ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ያዩትን አንድ ልዩነት በጥያቄ መልክ ያቅርቡ። በእጃቸው መቅመስ፣ ወደ ዓይናቸው ማስጠጋት፣ ወንዝ ውስጥ መበተን ግን ፈጽሞ አይፈቀድላቸው፤ ተክሉ መርዝ ነው።

ይህን የምለው ስለ አንድ ምክንያት ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች በፍጥነት እየተገነቡ ነው። የቁጥቋጦ አጥር በግንብ እየተተካ ነው፤ በወንዝ ዳር ያጥብ የነበረው እጅ የሱቅ ሳሙና ይዟል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እናቴም ሳሙናውን ወዳው ነበር። ነገር ግን ሐረጉ ከአጥሩ ላይ ሲነቀል አብሮት የሚነቀለው እውቀት ገና ተጽፎ አላለቀም። ዶክተር አክሊሉ በአድዋ የጠየቋት ሴት ስም በታሪክ አልተመዘገበም። እኛ ቢያንስ የምንጠይቃቸውን እናቶች ስም እንመዝግብ።

ግኝት ማለት ማንም ያላየውን ማየት ብቻ አይመስለኝም። ሁሉም ያየውን አንድ ሰው ቆም ብሎ ሲጠይቀው፣ ለክቶ ሲያረጋግጠው፣ ሌሎች እስኪያምኑት ድረስም በትዕግሥት ሲሟገትለት ግኝት ይሆናል። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ክፍሎቻችሁ ውስጥ ይህን የሚያደርግ አንድ ልጅ ወይም አንዲት ልጅ ቢወጡ የዛሬው ውሏችን በከንቱ አልሆነም።